ለጓሮዬ ፎሶሊያ የገዛሁት ዲፕ ፍሪዘር

ደሴ ላይ ጓሮ ያለው ሰው ነሐሴና መስከረምን ያውቃቸዋል። ሰኔ ላይ የተዘራው ፎሶሊያ ባንዴ ይደርሳል። ለቀምን ጨረስን ስትሉ በነጋታው ሌላው ተንጠልጥሎ ይጠብቃችኋል። ካልተለቀመ ደግሞ ፍሬው ያብጣል፣ ክር ያወጣል፣ ተክሉም ማበቡን ያቆማል። ስለዚህ መልቀም ግዴታ ነው። ይበላል፣ ለጎረቤት ይታደላል፣ ግን አያልቅም። ጥቅምት ሲገባ ብርዱ ይመጣል፣ አንድ ሌሊት ውርጭ ከጣለ ተክሉ ይጠቁርና ያልቃል። ከዚያ ሁዳዴ ሲደርስ ያንኑ ፎሶሊያ ሰኞ ገበያ ሄደን በኪሎ እንገዛለን።

ለዚህ ብዬ ነው ዲፕ ፍሪዘር የገዛሁት። ከላይ የሚከፈተውን፣ 200 ሊትር የሚለውን። ለስጋ ወይም ለሱቅ መጠጥ ሳይሆን ለአትክልት ብሎ የገዛ ሰው አስተያየት ሲጽፍ ብዙም ስለማላይ የኔን ልጻፍ። ብራንዱን አልጠራም። ፒያሳ አካባቢ ያሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚሸጡት ብዙ ዓይነት ነው፣ የምናገረውም ለአብዛኛው ይሠራል። ከስሙ ይልቅ ጀርባው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ናት ቁም ነገሩ።

እሷን ወረቀት እንዴት እንደምታነቧት ልንገራችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ማንም አይነግራችሁምና። መጀመሪያ ኮከቦቹን ቁጠሩ። ሦስት ኮከብ ማለት የቀዘቀዘን ነገር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ አስቀምጦ ያቆያል ማለት ነው። አራት ኮከብ ያለው ግን ትኩስ ነገር ከውጭ አስገብታችሁበት ራሱ ማቀዝቀዝ ይችላል። ለጓሮ ፎሶሊያ የሚያስፈልገው አራቱ ነው። ቀጥሎ በ24 ሰዓት ስንት ኪሎ ማቀዝቀዝ እንደሚችል የተጻፈ ቁጥር አለ። እሱን ያዙት። ሦስተኛው የአየር ንብረት ፊደሉ ነው። ኤስ ኤን የሚል ያለበት ክፍሉ እስከ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝም ይሠራል፤ ኤን ወይም ኤስ ቲ ብቻ የሚለው የተሠራው ከ16 ዲግሪ ጀምሮ ላለ ክፍል ነው። ለብቻው ቲ የሚል ያለበት ደግሞ እስከ 43 ዲግሪ ሙቀት ይችላል። ደሴ ኅዳርና ታኅሣሥ ማድ ቤት ውስጥ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ስለማውቅ ኤስ ኤን ያለበትን መረጥኩ። እህቴ ኮምቦልቻ ነች። እሷ ብትገዛ የምላት በተቃራኒው ቲ የሚለውን እንድትፈልግ ነው። የአንድ ቁልቁለት ልዩነት ነው፣ ግን እዚያ ወርዳችሁ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ፍሪጅ እያለ ለምን ሌላ ዕቃ? ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይሄን ነው። የፍሪጁ የላይኛው ሳጥን ፎሶሊያን ያቀዘቅዛል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ውሃ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል። ቅንጣቱ የፎሶሊያውን ሥጋ ከውስጥ ይበጣጥሰዋል። ስትቀቅሉት ውሃውን ይለቅና ይልፈሰፈሳል። ቶሎ ሲቀዘቅዝ ግን ቅንጣቱ ደቃቅ ይሆናል፣ ፎሶሊያውም ጠንከር እንዳለ ይቆያል። ይህ ዲፕ ፍሪዘር ከጓሮ ያስገባሁትን በአንድ ሌሊት ድንጋይ ያደርገዋል። ትሪ ላይ ዘርግቼ ማታ አስገባለሁ፣ ጠዋት ሳወጣው እያንዳንዷ ፍሬ ለብቻዋ ናት። በእጅ ሲዘግኑት ይንሿሿል። ከዚያ ላስቲክ ውስጥ ይገባል፣ እርስ በርሱ አይጣበቅም። የፈለጋችሁትን ያህል ዘግናችሁ የቀረውን መልሳችሁ ታስራላችሁ።

ከመጠን በላይ ባንዴ አታስገቡ። ይሄ አጥብቄ የምናገረው ነው። ለ200 ሊትር በአንድ ጊዜ 6 ወይም 7 ኪሎ ይበቃል። 15 ኪሎ ካጨቃችሁበት መሃል ላይ ያለው እስኪቀዘቅዝ ቀን ይፈጅበታል፣ ያን ጊዜ ከፍሪጁ ሳጥን አይሻልም። መዘውሩንም ከማስገባታችሁ ከጥቂት ሰዓት በፊት ወደ መጨረሻው ቁጥር አዙሩት። በሚቀጥለው ቀን ትመልሱታላችሁ።

ፎሶሊያው ግን ጥሬውን አይገባም። ቀቀል ተደርጎ መውጣት አለበት። ጥሬው ከገባ በረዶ ውስጥም ሆኖ ኢንዛይም የሚባለው፣ አትክልቱን የሚያስረጀው ንጥረ ነገር ሥራውን አያቆምም። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሣር ሣር ይላል። የፈላ ውሃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ሲገባ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል።

ስንት ደቂቃ? ብዙ ቦታ የምታነቡት 3 ደቂቃ ነው። እሱ ለቆላ ነው፣ ለባሕር ጠረፍ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነች። እዚህ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ገደማ ላይ ነው። ኮምቦልቻም ብትሆን ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች 94 ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ከ1,500 ሜትር በላይ ላለ ሰው አንድ ደቂቃ ይጨመራል፣ ስለዚህ ለሁለቱም ከተማ 4 ደቂቃ ነው። ስትቆጥሩ ፎሶሊያው ገብቶ ውሃው እንደገና መንተክተክ ሲጀምር ነው። ብዙ ውሃ፣ ትንሽ ፎሶሊያ። ለግማሽ ኪሎ 4 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው ካነሰ ፎሶሊያው ሲገባ ይቀዘቅዝና እንደገና እስኪፈላ ደቂቃው ያልፋል።

ከዚያ በወንፊት አውጥቶ ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ መክተት ነው፣ ለዚያው ለ4 ደቂቃ። ካልቀዘቀዘ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። እዚህ ላይ ነው ዲፕ ፍሪዘሩ ያስደሰተኝ። ድሮ በረዶ ከየት ይመጣል? አሁን ባዶ ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ እዚያው አቀዘቅዛለሁ። ጫፉ ድረስ አይሞላም፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ፎሶሊያ በሚለቀምበት ቀን እነዚያን ሃይላንዶች አውጥቼ ሳፋ ውስጥ ባለው ውሃ ላይ እጥላቸዋለሁ። ውሃው እጅ እስኪያደነዝዝ ይቀዘቅዛል። ሥራው ሲያልቅ ሃይላንዶቹ አይደፉም፣ ተጠራርገው ይመለሳሉ።

ሲወጣ ቀለሙን ማየት አለባችሁ። ከጓሮ ሲለቀም ከነበረው ይልቅ የበለጠ አረንጓዴ ይሆናል። ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግቼ ውሃውን አደርቀዋለሁ። ላዩ ላይ የቀረ ውሃ ሁሉ በረዶ ሆኖ ይጣበቃል፣ ስለዚህ መቸኮል አያስፈልግም።

ስለ መብራት ሳልናገር ይህ አስተያየት ሙሉ አይሆንም። መብራት ይጠፋል፣ ሲመጣም አንዳንዴ እየዘለለ ነው የሚመጣው። ሁለት ነገር ነው የምላችሁ። አንደኛ ያለ ስታብላይዘር አትሰኩት። ብሩ እንዳይቆጫችሁ፣ ኮምፕረሰሩ ቢቃጠል የሚከፈለው ከዚያ በላይ ነው። ሁለተኛ መብራት ሲጠፋ ክዳኑን አትክፈቱ። የሞላ ፍሪዘር ክዳኑ ካልተከፈተ እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ግማሹ ባዶ ከሆነ ወደ 24 ሰዓት ይወርዳል። ለዚህ ነው ባዶውን ቦታ ሁልጊዜ በበረዶ ሃይላንድ የምሞላው። ከላይ የሚከፈት መሆኑም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ክዳኑን ብትከፍቱትም እታች ይቀራል። በር ያለው ቁም ፍሪዘር ግን በከፈታችሁት ቁጥር ቅዝቃዜው ወደ እግራችሁ ይፈሳል።

ከቤት ርቃችሁ ስትሄዱ የምትሠሩት አንድ ብልሃት አለ። በብርጭቆ ውሃ አቀዝቅዙና ላዩ ላይ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡ። እህቴ ጋር ኮምቦልቻ ሰንብቼ ስመለስ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ሳንቲሙ ላይ ካለ ምንም አልሆነም። ብርጭቆው ሥር ከወረደ መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቀልጦ እንደገና ቀዝቅዟል ማለት ነው፣ ያን ጊዜ የሚበላው ምግብ አያስተማምንም። ያላችሁበት ቀን ከሆነና ፎሶሊያው ገና በረዶ እንዳለበት ከደረሳችሁበት መልሳችሁ ብታቀዘቅዙት ችግር የለውም፣ ትንሽ መልፈስፈሱ ብቻ ነው።

አንዳንድ ሰው በጠርሙስ አሽጎ ቀቅሎ ማስቀመጥ አይሻልም ወይ ይላል። መብራት አይፈልግም፣ እውነት ነው። ለፎሶሊያ ግን እባካችሁ ተዉት። ፎሶሊያ እንደ ሎሚ ወይም እንደ ቲማቲም ኮምጣጣ አይደለም። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚሠራው ባክቴሪያ ዘሩ በሚፈላ ውሃ አይሞትም። የሚገድለው ልዩ የግፊት ድስት ላይ ከ115 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። የኛ ውሃ ደግሞ 92 ላይ ነው የሚፈላው። መርዙ አይታይም፣ ብዙ ጊዜም አይሸትም።

ወደ ምግቡ እንምጣ። ጎረቤታችን ያሉ እናት፣ በሰፈሩ ሙያቸው የታወቀ፣ ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። «ልጄ፣ የከረመ አትክልት ምን ጣዕም አለው?» አሉኝ። «እማማ፣ አንቱ ይቅመሱትና ይፍረዱ» አልኳቸው። በሁዳዴ ነው፣ እሳቸው ሙስሊም ናቸው ግን የጾም ወጥ ይወዳሉ። በልተው ሲጨርሱ «ይሄማ የዛሬ ነው» አሉ። ለረመዳን ለሳምቡሳ የሚሆን ቋጥሬ ሰጠኋቸው። ደቀቅ አድርገው ከካሮትና ከሽንኩርት ጋር ጠቅልለውት ለእኛም ልከዋል፣ ጥሩ ነበር።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ቀይ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላዋለሁ፣ እስኪቀላ ሳይሆን እስኪለሰልስ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላል። ካሮቱ ቀድሞ ይገባል፣ ጥሬ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ካሮቱ ግማሽ ሲበስል ፎሶሊያው ከፍሪዘር በቀጥታ ይገባል። አይቀልጥም፣ አይታጠብም። ጠረጴዛ ላይ ቀልጦ የገባ ፎሶሊያ ውሃው ሁሉ ሳህኑ ላይ ይቀራል፣ ጣዕሙም ከውሃው ጋር ይሄዳል። ድስቱ ሰፊ ይሁን፣ እሳቱም ሞቅ ይበል። ውሃ ጠብ አይደረግበትም፣ የራሱ በረዶ ይበቃዋል። መጀመሪያ ሲገባ ቺስ ይልና እንፋሎቱ ማድ ቤቱን ይሞላዋል። ከዚያ ድምፁ ዝቅ ይላል፣ ከታች ትንሽ መረቅ ይታያል። ያ መረቅ ሽንኩርቱን ይዞ እስኪመጠጥ ክዳን ሳልከድን አማስላለሁ። ቀድሞ ቀቀል ስላለ ከ10 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ትኩሱ ፎሶሊያ ደሴ ላይ ከዚህ በላይ ያስጠብቃል።

ቲማቲም የምትወዱ ከሆነ በመጨረሻ ጨምሩ። ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ አረንጓዴው ወደ ቡናማ ይዞራል፣ ፎሶሊያውም ቶሎ አይለሰልስም። ቃሪያው ተሰንጥቆ ከእሳት ሊወርድ ሲል ይገባል። በእንጀራ ላይ ከምስር ወጥና ከጎመን አጠገብ ሲደፋ ሰው ከፍሪዘር ወጣ አይልም። በፍስክ ደግሞ ከጥብስ ጋር ሞክሩት። ስጋው ውሃውን ጨርሶ መጥበስ ሲጀምር ነው ፎሶሊያው የሚገባው፣ አለዚያ ስጋው ይቀቀላል።

የማይሆንበትም አለ። ለሰላጣ አይሆንም። የቀዘቀዘ ፎሶሊያ ያንን ቀጭ የሚለውን ነገር ያጣል፣ ቀዝቃዛውን በሎሚና በዘይት ብትበሉት ያሳዝናችኋል። ሰላጣ ለሚወድ ሰው ዲፕ ፍሪዘር አልመክርም። ያረጀ ፎሶሊያም አይሻሻልም። ክር ያወጣው፣ ፍሬው ያበጠው ከገባ ያው ሆኖ ነው የሚወጣው። ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበረውን ለጋውን ብቻ አስገቡ፣ በተለቀመበት ቀን።

የዕቃው ጉድለት አለው፣ ልናገር። ቅርጫት አንድ ብቻ ነው የመጣው። እታች ያለውን ለማውጣት ከላይ ያለውን ሁሉ ማንሳት አለብኝ። ቁመቴ አጭር ስለሆነ ታችኛው ማዕዘን ላይ ያለ ላስቲክ ስፈልግ ተንጠላጥዬ ነው። ለዚህ ሲባል ቀዩን ፌስታል ለመስከረም፣ ነጩን ለነሐሴ እያደረግሁ አስቀምጣለሁ፣ ነሐሴው ከላይ ይሆናል። ጽሑፍ ከላስቲክ ላይ ስለሚለቅ ቀለሙ ይሻላል። መዘውሩ ላይ ያለው ቁጥር ከ1 እስከ 7 ነው እንጂ ዲግሪ አይደለም። ስለዚህ ቴርሞሜትር ለብቻ ገዝቼ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዜሮ በታች 18 የሚያሳየው 5 ላይ ሲሆን ነው፣ የእናንተው ሌላ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ይሰማል። መኝታ ቤት አጠገብ አታድርጉት።

ክረምት ላይ እርጥበቱ ስለሚበዛ ጠርዙ ላይ በረዶ ይጋገራል። ራሱን አያቀልጥም፣ በእጅ ነው። አንዳንዶች ይሄን እንደ ትልቅ ጉድለት ያወራሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ራሱን የሚያቀልጠው ዓይነት በየጊዜው ስለሚሞቅና ደረቅ አየር ስለሚያዞር አትክልቱን ያደርቀዋል። ላዩ ነጭ ሆኖ እንደ ወረቀት የሚሆን ፎሶሊያ አይታችሁ ከሆነ የመጣው ከዚያ ነው። ከላስቲኩ አየሩን ተጭኖ ማስወጣትም ለዚህ ይረዳል።

ፍሪዘሩን የሚያመጡላችሁን ልጆች ጋሪ ላይ አስተኝተው እንዳይጭኑት ተከታተሏቸው። የኛ ሰፈር ዳገት ስለሆነ ማዘንበሉ አልቀረም። ያን ጊዜ ቆሞ ጥቂት ሰዓት ሳይሰካ ይቆይ፣ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ። ከግድግዳም አንድ መዳፍ ያህል አርቁት። ደረሰኙን ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ፣ ዋስትናው ያለ እሱ አይሠራም። ኮምፕረሰሩ ላይ ስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ በቃል ያለው አይበቃም።

ማን ይግዛው? ጓሮ ያለው፣ ቤተሰቡ ብዙ የሆነ፣ በጾም ወቅት አትክልት የሚበላ ሰው ይግዛው። ሁለት ሰው ብቻ የሆናችሁና ሰኞ ገበያ በእግራችሁ የምትደርሱ ከሆነ ግን ትኩሱን ግዙ፣ ይሻላችኋል። ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መግዛትም ይቻላል፣ የኛ ግማሹን ቦታ አሁን እማማ ይዘውታል።

ፎሶሊያው ከ8 እስከ 12 ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። እኛ ቤት ፋሲካ ሲያልፍ ጥቂት ነው የሚተርፈው፣ የሰኔ ጾም ደግሞ ያንን ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ አወጣና ከሶኬት እነቅለዋለሁ። በረዶው በራሱ ይቀልጣል፤ በቢላ አይፋቅም፣ ውስጡ ያለው ቱቦ ይበሳል። የታችኛው የውሃ መውጫ ለወለሉ ቅርብ ስለሆነ ከፍ ያለ ዕቃ ከሥሩ አይገባም፣ ጠፍጣፋ ትሪ አዘጋጁ። በቤኪንግ ፓውደር ሳይሆን በቤኪንግ ሶዳና ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ደርቆ፣ ክዳኑ እንዳይገጥም ጠርዙ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎ ትንሽ ከፈት ብሎ ይቆያል። ከተዘጋ ይሸታል። ነሐሴ ላይ የመጀመሪያው ፎሶሊያ ከመለቀሙ ከአንድ ቀን በፊት እሰካዋለሁ፣ ሃይላንዶቹም አብረው ይገባሉ።